የማያልቅ ዜማ፦ የጌም ማጀቢያና የድግግሞሽ ጥያቄ

ለፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ትዕይንቱ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያውቃል። የጌም ማጀቢያ የሚሠራ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። አንዱ ተጫዋች መንደሩን በአርባ ሰከንድ አቋርጦ ያልፋል፤ ሌላው በየበሩ እያንኳኳ ሰዓት ሙሉ ይቆያል፤ ሦስተኛው ስልኩን እንደበራ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። አንዱ ሙዚቃ ለሦስቱም መብቃት አለበት። የዘርፉ ሰዎች መፍትሔውን ሉፕ ይሉታል፦ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚሆን ዜማ ይደረሳል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይገጠማል፣ ከዚያ ተጫዋቹ እስኪወጣ ድረስ ራሱን እየደገመ ይዞራል።

ሥራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ‹ኩኩሉ› እና ‹ገበጣ› የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችን ሠርቷል፤ ከኩባንያ ውጭ ደግሞ ለፍቅሩ ሲል ብቻ የሚሠራ አማተር አለ። አማተሩ ዜማውን ኤልኤምኤምኤስ ላይ ይደርሳል፣ ኦዳሲቲ ላይ ይቆርጣል፣ ጎዶት ላይ ከጨዋታው ጋር ያገናኛል። ሦስቱም ሶፍትዌሮች በነጻ የሚወርዱ ስለሆኑ ቦሌ ላይ የሚሠራው ጥሊሊ ላይም ይሠራል። ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው የአገው ፈረሰኞች አገር ነው፤ ፈረሰኞቹ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ተሰባስበው በዓላቸውን ያከብራሉ። እዚያ ተቀምጦ ጌም ለመሥራት የተነሳ ሰው የፈረስ ጉግስ ቢመርጥ የሚያስገርም አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ሆኖ ያገልግል።

የመጀመሪያው ችግር መጋጠሚያው ነው። በተለመደው የድምፅ ፋይል አንድ ሰከንድ 44,100 ናሙናዎች አሉት። የመጨረሻው ናሙና ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሉፑ በዞረ ቁጥር ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህ ቆራጩ ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ነጥብ አጉልቶ ይፈልጋል። ቀጥሎ የድምፅ ጭራ አለ። ክራር ተመትቶ ገደል የሚመልሰውን የመሰለ ማሚቶ ከተጨመረበት፣ የመጨረሻው ምት ካለቀ በኋላም ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ይቀጥላል። ፋይሉ በምቱ ላይ ከተቆረጠ ጭራው አብሮ ይቆረጣል፣ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። ልምድ ያላቸው ዜማውን ሁለት ጊዜ አከታትለው ያስጫውቱና ሁለተኛውን ዙር ቆርጠው ይወስዳሉ፤ በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ጭራ በሁለተኛው መነሻ ላይ አርፎ ይገኛል። ኤምፒ3 ደግሞ ፋይሉ ሲጠቀለል መነሻና መድረሻው ላይ ቅንጣት ዝምታ ስለሚጨምር ለሉፕ አይመችም፤ ኦግ ቮርቢስ የተሻለ ነው።

መጋጠሚያው ቢሰምርም ሁለተኛ ችግር ይቀራል፣ እሱን ደግሞ መቁረጫ አይፈታውም። አማተሩ በክረምት ቆርቆሮ የሚመታውን ዝናብ በስልኩ ቀርጾ ከጉግሱ ሜዳ ጀርባ አስገባ እንበል። ሠላሳ ሰከንድ ቀርጿል፣ መጋጠሚያውም አይሰማም። ግን በአሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ጠብታ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ወድቃ ‹ቷ› ብላለች። በመጀመሪያው ዙር ማንም ልብ አይላትም። በሦስተኛው ዙር ጆሮ ይጠብቃታል። በአሥረኛው ዙር ዝናቡ ጠፍቶ የሚሰማው ጠብታዋ ብቻ ይሆናል። እውነተኛው ዝናብ ሲዘንብ ቢያድርም እንዲህ አያደርግም፤ ጠብታ ሁሉ አዲስ ነውና። የተቀረጸው ግን ያው ነው፣ ያው መሆኑም ያስቀይማል።

ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፦ አንድ ነገር ሲደጋገም ይሞላል ወይስ ይራቆታል? ሲበዛ ማርም ይመራል የሚለው ተረት አንዱን ወገን ይዟል። የማቴዎስ ወንጌልም ምዕራፍ 6 ላይ እንደ አሕዛብ ቃል እያበዙ በከንቱ ከመድገም ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እግዚኦታን 41 ጊዜ ያደርሳል፤ መቁጠሪያም በእጁ ይዟል። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት የተደለደለ ስለሆነ ሰኞ ሲመጣ የሰኞው ይመለሳል። ሙስሊሙም ከሶላት በኋላ ተስቢሁን 33 ጊዜ ይላል፤ በወሎ መንዙማ መሪው ግጥሙን ሲለዋውጥ ተቀባዩ ያንኑ አዝማች ይመልሳል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ወንጌሉ የከለከለውን እያደረገ ነው?

መልሱ ያው ወንጌል ውስጥ ይገኛል። ምዕራፍ 26 ላይ ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደደገመ ተጽፏል። የተነቀፈው እንግዲህ መድገሙ ሳይሆን ከንቱነቱ ነው፤ ከንቱነቱም ያለው በቃሉ ውስጥ ሳይሆን በሚለው ሰው ውስጥ ነው። 41ኛው እግዚኦታ ከመጀመሪያው ጋር በፊደል አንድ ነው። የሚያደርሰው ሰው ግን አንድ አይደለም፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ጉልበቱ ዝሏል፣ መቁጠሪያው ዞሮ ሊያልቅ ነው፣ በመሐል የባዘነ ሐሳቡም ምናልባት ተመልሷል። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ ከሌላ አቅጣጫ እዚሁ ደርሷል፦ መደጋገም በተደጋገመው ነገር ላይ ምንም አይጨምርም፤ ለውጡ የሚከሰተው በሚያስተውለው አእምሮ ላይ ነው። ሂዩም ስለ መንስኤና ውጤት ሊናገር ፈልጎ እንጂ ስለ ጸሎት አላሰበም፤ ሐሳቡ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ይህን ተረድቶ የተዘጋጀ ይመስላል። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያ ይዘው ይዘሙታል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ይመረገዳል፤ በመጨረሻ ምቱ ፈጥኖ ጽፋት ይሆናል፣ ጭብጨባውም ይከተላል። ቃሉ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው ነው። ማኅሌት የቆመ ሰው ግን አንድን ነገር አራት ጊዜ ሰማሁ አይልም፤ አንድ ነገር ሲያድግ አየሁ ነው የሚለው። በጌም ታሪክ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ሥራ በጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ እ.ኤ.አ. በ1978 ተሠርቷል። ‹ስፔስ ኢንቬደርስ› በተባለው ጨዋታ ማጀቢያው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ድምፆች ብቻ ነው፤ ከዚያ ያጠረ ሉፕ ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን ጠላቶቹ እየተመቱ ሲያልቁ ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፣ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፈጥናል። አራቱ ድምፆች አልተለወጡም፤ የተለወጠው ፍጥነታቸው ነው፣ ፍጥነታቸውን የሚለውጠውም ተጫዋቹ ራሱ ነው።

የጉግሱ አማተር ከዚህ ብዙ ይማራል። ፈረስ ሲሄድ ራሱ ሉፕ ነው፣ ግን በየአረማመዱ የሚለያይ ሉፕ። በሶምሶማ እግሮቹ ሰያፍ ለሰያፍ ጥንድ ሆነው ስለሚያርፉ ሁለት ምት ይሰማል። ፈረሱ ሲጋልብ ሦስት ምት ይሆናል። በሽምጥ አራቱ ኮቴዎች አንድ በአንድ ያርፉና ፈረሱ ለቅጽበት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ያቺ ዝምታ የምቱ አካል ናት። ከበሮውን በዚህ አረማመድ ላይ የሠራ፣ ፈረሱ ፍጥነት በለወጠ ቁጥርም ምቱ እንዲለወጥ ያደረገ ሰው ሠላሳ ሰከንድ በማይሞላ ዜማ ግማሽ ሰዓት ማጫወት ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው ደጋሚው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን አንድ ቅኝት ላይ ሲያመላልስ ደጋሚው አዝማሪው ነው፤ ይደክመዋል፣ ይሳሳታል፣ ጠጅ ሲቀርብለት ቅኝቱ ሞቅ ይላል። በገና ደርዳሪም ጣቶቹን በየስንኙ ወደዚያው አደራደር ይመልሳል፤ ቢሆንም ሁለት ዙር በፍጹም አንድ ሆኖ አይወጣም። ከኮምፒውተር የሚወጣው ሉፕ ግን እስከ መጨረሻዋ ናሙና ድረስ አንድ ነው፣ የሚደክምም የለውም። የቀደመው ትውልድ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ አያውቀውም ነበር። በድግግሞሽ ውስጥ ዋጋ ያለው የደጋሚው ድካምና ትጋት ከሆነ ደግሞ ደጋሚ የሌለው ድግግሞሽ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

የቲቤት ቡድሂስቶች ለዚህ ለየት ያለ መልስ አላቸው። ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት ውስጡ የተጠቀለለበት በርሜል መሰል መንኮራኩር አንድ ጊዜ ሲዞር ጸሎቱ እንደተነበበ ይቆጥሩታል፤ በወራጅ ውኃና በነፋስ የሚዞርም አለ። ዋጋው በአዟሪው ሐሳብና በሠሪው ቸርነት ላይ ያርፋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ድረስ አትሄድም። ቅዳሴ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ አይጀመርም፤ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ የተቀረጸ ቅዳሴ ሰሚውን ሊያጽናና ቢችልም ቅዳሴ አይሆንም። ማሽኑ አይጸልይም ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሉፕ በራሱ ባዶ ነው፤ የሚሞላ ከሆነ የሚሞላው ሰሚው ነው።

ሰሚው ሁልጊዜ ይሞላዋል ማለት ግን አይደለም። በየከተማው ገበያ አንድ ነጋዴ ‹ጫማ በቅናሽ› የሚል የአሥር ሰከንድ ቅጂ ሞንታርቦ ላይ ጭኖ ከጧት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። አላፊ አግዳሚው ሁለት ጊዜ ሰምቶ ያልፋል። ነጋዴው ራሱ ጆሮው ደንቁሮበት ከሰማው ቆይቷል። የሚሰቃየው የጎን ባለሱቅ ነው፦ መሄድ አይችልም፣ ጫማም አያስፈልገውም፣ ቅጂውም አያልቅም። እዚህ ላይ የውበት ጥያቄ ወደ ግብረ ገብ ጥያቄ ይለወጣል። ሌላውን ሰው ከማያልቅ ድምፅ ጋር መዝጋት ትንሽም ብትሆን ግፍ ናት። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ ‹ቬክሳሲዮን› የተባለች አንዲት ገጽ የፒያኖ ሥራ 840 ጊዜ ስለ መድገም የሚናገር ማስታወሻ አያይዞ ትቷል፤ አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1963 ኒውዮርክ ላይ ፒያኒስቶችን በፈረቃ አሰልፎ ሲያስጫውታት ከ18 ሰዓት በላይ ወስዳለች። ያ ግን ግፍ አልነበረም፤ አድማጩ ወዶ ገብቷል፣ በሩም ክፍት ነበር። የጌም ተጫዋችም እንደዚሁ ወዶ የገባ ነው፣ በዚያ ላይ እጁና ዓይኑ ሥራ ይዘዋል። የድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ በጨዋታው ቅንብር ውስጥ በቀላሉ እንዲገኝ ማድረግ እንግዲህ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሉፕ በጊዜ ላይ የሚያደርገውም ነገር አለ። አውግስጢኖስ በ‹ኑዛዜ› 11ኛ መጽሐፉ ጊዜን ለማስረዳት መዝሙር የሚደግም ሰውን አንስቷል፦ ሊል ሲጀምር መዝሙሩ በሙሉ በተስፋ ውስጥ ነው፣ እያለ ሲሄድ ከተስፋ ወደ ትዝታ ይሻገራል፣ ሲጨርስ ሁሉም ትዝታ ሆኗል። ማለቂያ ያለው ዜማ በዚህ መንገድ ልብን ይዞ ይሄዳል። ሉፕ ይህን ይነሳል፤ የሚጠበቀው አስቀድሞ የታወሰ ነው። ስለዚህ ለመድረክ የሚያምር ጠንካራ ማሳረጊያ ለሉፕ መርዝ ነው። ‹አለቀ› የሚል ስሜት ፈጥሮ መልሶ መጀመር ተጫዋቹን በየደቂቃው ከጨዋታው ያነቃዋል። የጌም ደራሲ ሐረጉን ሳይዘጋ፣ በግማሽ ትንፋሽ ላይ አድርጎ ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

በዚህ በኩል የአገሩ ቅኝቶች የተለያየ ጠባይ አላቸው። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ የላቸውም። አንዱ ወደ ሌላው አይጎትትም፤ ዜማው የትም ቦታ ላይ ቢቆም ያረፈ ይመስላል፣ ከየትም ቢነሳ አያስደነግጥም። ለመዞር የተመቸ ነው። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ሁለት ሁለት ግማሽ ድምፅ ስላላቸው ውጥረት ይይዛሉ፤ ለውጊያ ወይም ለጨለማ ዋሻ ያገለግላሉ፣ ቶሎም ያደክማሉ። ከዚህ ስሌት በላይ የሆነ ነገር ደግሞ አለ። ትዝታን ኢትዮጵያዊ ሲሰማው ማጀቢያ ሆኖ አይቀርለትም። ድምፁ ያለ ግጥም ቢመጣም ሰሚው ግጥም ይጨምርበታል፣ ሰው ያስታውስበታል፣ ፈረሱን ትቶ በሐሳብ ይሄዳል። ለሌላ አገር ተጫዋች ረጋ ያለ የጀርባ ድምፅ የሆነው ለአገሬው የፊት ለፊት ድምፅ ነው። ስለዚህ ትዝታን ለመነሻው ማያ ገጽ ማስቀመጥ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ባቲ የተባለውን ቅኝት መሞከር የተሻለ ምርጫ ነው።

የድግግሞሹን ዙር ማስረዘሚያ አንድ ዘዴ አለ፤ ስሌቱም ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ አዲስ አይሆንም። በባሕረ ሐሳብ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት ነው፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት። ሁለቱ አብረው ተነስተው እንደገና በአንድ ነጥብ የሚገናኙት ከ532 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ዐውደ ቀመር ይባላል። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብሪያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ‹ሙዚቃ ለኤርፖርቶች› አልበም ያደረገው ይህንኑ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ የቴፕ ቀለበቶችን አብሮ አስነሳቸው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ያንኑ ይደግማል፣ የሚገናኙበት ቦታ ግን ይለዋወጣል። አማተሩ የክራሩን ሐረግ 19 ምት፣ የዋሽንቱን 28 ምት ቢያደርግ በደቂቃ 76 ምት ፍጥነት ዙሩ የሚገጥመው በሰባት ደቂቃ ነው። ሁለቱ ፋይሎች ሲደመሩ 40 ሰከንድ እንኳ አይሞሉም። 19 ምት ለጆሮ ከብዶ ከተገኘ 5 እና 7ም ይሠራል፤ ከ35 ምት በኋላ ይገናኛል።

የባሕረ ሐሳቡና የጌሙ ስሌት ዓላማ ግን ተቃራኒ ነው። የቀመር ሊቃውንት ዑደቱን ያሰሉት መመለሱን ለማወቅ ነው፤ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ለመናገር። የጌም ደራሲው የሚያሰላው መመለሱ እንዳይታወቅ ነው። 532 ዓመት ኖሮ ቀመሩ ሲገጥም በሕይወቱ ያየ ሰው የለም፤ ሊቁ መመለሱን የሚያውቀው በስሌት ነው። ሰባት ደቂቃውም በተጫዋቹ ዘንድ እንደዚያው ነው፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ ረስቶታል። የሚያስታውስ ከሌለ ድግግሞሹ በፋይሉ ውስጥ አለ እንጂ በማንም ጆሮ ውስጥ የለም።

የመጨረሻው መሣሪያ ማረፍ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል አይነኩም፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይባላል። ለትንሣኤ ከበሮው ሲመለስ የሰማው ሁሉ ዓመቱን በሙሉ ሲመታ የኖረው ያው ከበሮ መሆኑን ይረሳል። ‹ማይንክራፍት› በተባለው ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሙዚቃው ይጫወትና ይቆማል፣ ለብዙ ደቂቃ የሳርና የውኃ ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ሳይጠበቅ ይመለሳል። በጉግሱ ጨዋታም ፈረሱ ውኃ ሊጠጣ ሲቆም ከበሮውን ማውጣት፣ ጥቂት ቆይቶም ክራሩን ማሳረፍ፣ ዝናቡን ብቻ መተው ይቻላል፤ ያቺ ወፍራም ጠብታ አስቀድማ ተቆርጣ ከወጣች ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያልተጠቀለለ ስቴሪዮ ድምፅ አሥር ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል፤ የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ለሚገዛ ተጫዋች ዝምታው በነጻ ይደርሰዋል።